የአስታዋሹ በርጩማ

ኒታይ ሳማዳር በዕድሜው አንድ ክርክር ብቻ ረትቷል፤ በዚያም ክርክር የተረታው ራሱ ኒታይ ነበር።

ነገሩ የሆነው አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ሰሜን ካልካታ ውስጥ፣ ከማተሚያ ቤት ፎቅ ላይ በተከራዩት ክፍል ነው። ከታች ማሽኑ በመታ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ የሻዩ የሸክላ ስኒ ከቦታው ይንፏቀቃል። የኡጃን የቴአትር ቡድን አባላት ግን መንቀጥቀጡን ታሪክ ወደፊት ሲገሰግስ የሚያሰማው ኮቴ አድርገው ስለቆጠሩት ሌላ ክፍል የመፈለግ ሐሳብ አልነበራቸውም። ሐሙስ የጥናት ቀን ነው። በጥናት ቀን ልምምድ የለም፤ ንባብ አለ፣ ሂስ አለ፣ ግለ ሂስ አለ፣ ሻይ አለ። ቴአትር የሚሠራው ከዚህ ሁሉ ጊዜ ሲተርፍ ነው።

ጊዜ ደግሞ አይተርፍም። ባለፈው ዓመት ስለ መጋረጃ ሲከራከሩ ከርመው መጋረጃ የግል ንብረት የሥጋ ዘመድ መሆኑን ደረሱበት፤ የሚሸፍን ሁሉ የሚደብቀው አለውና። መጋረጃው ወረደ። ቀጥሎ ኩል፣ ዱቄትና አርቲፊሻል ጢም የተሳሳተ ንቃተ ኅሊና አሽከሮች ናቸው ተብለው ተባረሩ። ቀጥሎ ተራው የተመልካቹ ሆነ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ተመልካች ይውጣል እንጂ አያስብም ተባለና ወንበሮቹ ወደ ጎን ዞሩ። የሰፈሩ እናቶች አንገታቸው ተጣሞ መምጣት ሲያቆሙ፣ አዘጋጁ ዴቦቶሽ ፓሊት "ለማሰብ ያልተዘጋጀው ክፍል በራሱ ጊዜ እየተንጠባጠበ ነው" ብሎ በኩራት ሪፖርት አቀረበ።

ዴቦቶሽ ጺሙ የተንጨባረረ፣ የጨርቅ ቦርሳ ከትከሻው የማይለይ ጎልማሳ ነው። ቦርሳው ውስጥ የጀርመንና የፈረንሳይ አሳቢዎች ቀጫጭን መጻሕፍት አሉ፤ ከትርጉም የተተረጎሙ፣ ጸሐፊያቸው ራሱ ቢያነባቸው "ይሄን ማን ነው የጻፈው?" ብሎ የሚጠይቅባቸው። ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ ሰው ባየ ቁጥር የሚታየው ምሳሌ ነው።

ኒታይ በዚህ ቡድን ውስጥ ቃል አስታዋሽ ነው። ቀን በትራም መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ይሠራል። ትርኢት ሲኖር በመድረኩ ግራ ጥግ፣ ከጥቁር ጨርቅ ጀርባ፣ ጽሑፉንና የእጅ ባትሪውን ይዞ ይቀመጣል፤ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ሹክ ይለዋል። ዕድሜው ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነው፣ አላገባም። በላጤዎች ማደሪያ አንድ አልጋና አንድ ቁም ሣጥን አለው፤ ቁም ሣጥኑን በራሪ ጽሑፎች ስለወረሱት ሸሚዞቹ የሚያድሩት አልጋው ሥር ነው። የገባውን ገጽ አንድ ጊዜ ያነባል፤ ያልገባውን በቃሉ ይይዛል። ሰው ዓይኑን ከጣለበት ጉልበቱ ቄጠማ ይሆናል። አንድ ጊዜ የታመመ ተዋናይ ተክቶ ውኃ ይዞ እንዲገባ ተደርጎ፣ ውኃውን መድረክ ላይ ራሱ ጠጥቶት ወጥቷል። ጥጉን የወደደው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ያን ሐሙስ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ማንበብ የጀመረው ይኸው ሰው ነው። አንገቱን ቀና አላደረገም፤ ግን አነበበ።

"ሥልጣን የሚኖረው በማይታይበት ቦታ ነው" አለ። "ተመልካቹ ቃሉ ከተዋናዩ ልብ የሚፈልቅ ይመስለዋል። ከጨርቁ ጀርባ ጽሑፉን ይዞ የተቀመጠ ሰው እንዳለ አያውቅም። ያ ሰው እኔ ነኝ። መጋረጃውን አውርዳችሁ እኔን ግን እንደደበቃችሁ አላችሁ! አስታዋሽ ከጥጉ ይውጣ። መድረኩ መሐል፣ በርጩማ ላይ፣ በሙሉ ብርሃን ይቀመጥ። ሹክታ ይቅር። ተዋናይ ከጽሑፉ ሲስት እንደ ሌባ ግብረ አበር አይሸፍንለት፤ ሁለት እንጨት አጋጭቶ ስሕተቱን ያውጅ። መድረክ ላይ የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ሕዝቡ ይየው!"

ማሽኑ ከታች ለብቻው ሲመታ ተሰማ። ከዚያ ዴቦቶሽ ብድግ ብሎ ክንዶቹን ዘረጋ።

"ኒታይዳ! እኛ በመጻሕፍት ስንፈልገው አንተ ከጨለማ ውስጥ ይዘኸው ወጣህ!"

"ዳ" ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ቡድኑ አንቱታን በድምፅ ብልጫ ሽሮታል፤ "ዳ"ን ከአፋቸው የሚያወጣ ውሳኔ ግን እስካሁን አልተገኘም።

"በመጨረሻ አንድ ሰው ከራሱ ጀመረ" አለች ኬያ። ኬያ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ናት፣ ከሁሉም ታናሽ፣ ከሁሉም ምላሰ ስል። ከእሷ አፍ ይህ ሜዳሊያ ነው።

እጆች ወጡ። ተቃውሞም ድምፀ ተአቅቦም የለም። ከሁሉም ቀድሞ የወጣው የቡድኑ አንጋፋ ተዋናይ የአባኒ ሃዝራ እጅ ነበር።

ኒታይ ደረጃውን ሲወርድ እግሩ መሬት የነካ አይመስልም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ሹክ ሲል ኖሮ ዛሬ በራሱ ቃል ተጨብጭቦለታል። አባኒ ትከሻውን ተደግፎ ከኋላው ይወርዳል፤ ግዙፍ ሰውዬ ነው፣ ሲያንሾካሹክ እንኳ ማሽኑን የሚያስንቅ ድምፅ ያለው።

"ጥሩ ተናገርክ" አለ አባኒ። "አንድም ነገር አልገባኝም፤ ግን ድምፅህ ጥሩ ነበር።"

"እግዜር ይስጥህ አባኒዳ።"

"ብቻ አንተ መሐል ቁጭ ካልክ፣ ከጥጉ ቃል ማነው የሚያቀብለኝ?"

ኒታይ አንድ እግሩ አየር ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

የማያውቁት ዴቦቶሽ፣ ኬያና ሌሎቹ ናቸው። የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አባኒ፣ ሚስቱ ሹሮማና ኒታይ። አባኒ ቃል መያዝ ካቆመ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ አንድ ቃል ነበር የሚጠፋው፤ ኒታይ ይወረውርለታል፣ ይይዘዋል። ከዚያ አንድ መስመር ሆነ። ከዚያ ሁሉም። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ዘዴ አበጁ፤ አባኒ ቃሉ ሲያልቅበት እየተንጎራደደ ወደ ግራ ጥግ ይመጣል፣ ኒታይ የሚቀጥለውን መስመር መነሻ ያቀብለዋል፣ አባኒም መነሻውን ይዞ ሌላውን እንደ ወንዝ ይለቀዋል። መነሻዋን ካገኘ ምንም አይቀርበትም፤ ድምፁ፣ ቁጣው፣ ሳቁ እንዳለ ነው። አንድ ሐያሲ ይህን አይቶ "የአባኒ ሃዝራ ሰውነት ሳያቋርጥ ወደ ግራ ማዘንበሉ የመደብ ወገንተኝነት በአካል ሲጻፍ ማለት ነው" ብሎ በመጽሔት ጻፈ። አባኒ ጽሑፉን ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፤ ለምን እንደለጠፈው ግን አሁን አያስታውስም።

በማግስቱ ኒታይ ወደ አባኒ ቤት ሄደ። ሹሮማ ቦውዲ፣ ማለት የታላቅ ወንድም ሚስት፣ ዓሣ እያጸዳች ነበር። ቢላዋውን ሳታስቀምጥ አዳመጠችው።

"እና አንተ ነህ ይሄን ያሰብከው?" አለች።

"እኔ ነኝ ቦውዲ።"

"በገዛ እጅህ?"

"በገዛ እጄ።"

"ሰው ሲማር ይሻለዋል ይባል ነበር እኮ!" የዓሣውን ጭንቅላት ቆርጣ ጣለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ባለፈው ሳምንት ዓሣ ሊገዛ ወጥቶ የትራም ትኬት ቆራጭ ነው እጁን ይዞ ያመጣው። ቤት ውስጥ ስሜ ይጠፋዋል፤ 'አንቺ ልጅ' ይለኛል፤ እኔም ልጅ መባሉን አልጠላሁትም። ከትርኢት ሲመለስ ግን ለሁለት ለሦስት ቀን ራሱን ነው። ይቀልዳል፣ ይሳደባል፣ ምግቡ ጨው አነሰው ይላል። ያንን መድረክ ከነሡት ከዚያ ወዲያ የሚቀርልኝ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልብስ ነው። ገባህ ኒታይ? ልብስ።"

"ለዴቦቶሽ እውነቱን ልንገረው?"

"ምኑን?" አለ አባኒ ከመኝታ ቤት። ጆሮው እንደሆነ ምንም አልሆነም። ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። "ለእነዚያ ልጆች ብትነግራቸው ያዝኑልኛል። ካዘኑልኝ በኋላ ሐሙስ ስለ ሐዘኔታ ጽሑፍ ያቀርባሉ። ተናግረህ ብትገኝ ኒታይ፣ ሬሳዬን እንዳትሸከም።"

ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ክርክሩን መልሶ መርታት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኒታይ ሁለተኛ ወረቀት ይዞ ቀረበ። አስታዋሹ በብርሃን ከተቀመጠ እሱም ራሱ ትርኢት ይሆናል፣ ትርኢት የሆነ ነገር ደግሞ መልሶ ይደብቃል የሚል ነበር። ደካማ አልነበረም። ዴቦቶሽ በትዕግሥት ሰማውና ከቦርሳው በሐምራዊ ቀለም የታተመች ቀጭን ጽሑፍ አወጣ። ርእሷ "ከጥጉ ይውጣ!" ይላል፣ ከሥሩ "ኒታይ ሳማዳር"። ማተሚያ ቤቱ ከታች ስለሆነ ለኡጃን ቅርብ የሆነው ኃጢአት ማተም ነው። የመጻሕፍት ተራ የእግር መንገድ ላይም እየተሸጠች ነበር።

"ኒታይዳ፣ ገጽ አራት ላይ ምን ብለሃል? 'ከብርሃን የሚሸሽ አስታዋሽ ለጥጉ ጥብቅና ለመቆም አንድ ሺህ ምክንያት ይፈጥራል።' ይሄው ፈጠርክ። የመጀመሪያው ደግሞ ጥሩ ነው!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰው በራሱ ጥቅስ ሲመታ እንዴት እንደሚያም የሚያውቀው የጻፈ ብቻ ነው።

"ፈርቷል" አለች ኬያ፣ ሳትስቅ። "ላቡን እዩት። እንደ ሰው ይገባኛል። ግን የአንድ ሰው ፍርሃት የጋራ ውሳኔ አይሽርም።"

"ለራሴ አይደለም የፈራሁት" አለ ኒታይ።

"ታዲያ ለማን ነው?"

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ኒታይ ቀና ሲል አባኒ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር እንደ ፈንዲሻ የፈነዳ ሩዙን እየቆረጠመ ነበር። መቆርጠሙን አቁሞ፣ በዝግታ፣ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

"ለማንም" አለ ኒታይ። "ንዑስ ከበርቴያዊ ዓይን አፋርነት አለብኝ። ግለ ሂስ አድርጌያለሁ።"

ግለ ሂሱ በጭብጨባ ተመዘገበ።

ያዘጋጁት ተውኔት "ሦስተኛው በር" ይባላል። የጁት ቃጫ ከረጢት ፋብሪካ ይቃጠላል፤ ሦስተኛው በር ተቆልፎ ስለነበር ሠራተኞች ውስጥ ይቀራሉ፤ በመጨረሻ የበሩ ዘበኛ መርማሪዎቹ ፊት ቆሞ ይመሰክራል። ዘበኛው አባኒ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ሦስተኛው ክፍል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የእሱ ምስክርነት ነው።

በመጀመሪያው ልምምድ ኒታይ በርጩማው ላይ ወጣ። አባኒ ገና ከመጀመሩ አንድ መስመር ዘለለ። ኒታይ እንጨቶቹን አጋጨ፤ ቋ! አባኒ በጥፊ እንደተመታ ሰው ደነገጠ። ሌላ መስመር፣ ቋ! ወጣቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

"ኧረ ይሄ እንጨት ከሚስቴም ይብሳል!" አለ አባኒ፣ ከእነሱ በላይ እየሳቀ። ከንፈሩ ግን ደርቆ ነበር፤ ይህን ያየው ከበርጩማው ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የኒታይ እጅ አልታዘዝ አለ። አባኒ ሲስት እሱ ጽሑፉን ያገላብጣል፣ ያስላል፣ አፍንጫውን ያብሳል።

ኬያ ጉልበቷ ላይ ሌላ ቅጂ ዘርግታ ነበር። "ኒታይዳ፣ ሙሉ አንቀጽ ዘሎ አለፈ። ለምን አልመታህም?"

"አላየሁም።"

"ብርሃን ላይ ተቀምጠህ ነው ያላየኸው?"

ልምምዱ ሲያበቃ ዴቦቶሽ ኒታይን ወደ መስኮቱ ሳብ አደረገው። "አባኒዳ የደከመ ይመስለኛል" አለ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። "እሑድ የመጀመሪያው ትርኢት ነው። ሐያስያን ይመጣሉ፣ የዩኒቨርሲቲው የድራማ ፕሮፌሰር ይመጣሉ። እሑድን እናያለን። ኬያ ከመድረኩ ጎን ሆና በጽሑፉ ትከታተላለች፤ አስታዋሹንም የሚያስታውስ ያስፈልጋል። አባኒዳ ካልቻለ ሚናውን እኔ እወስደዋለሁ። ቃሉን ይዤዋለሁ።"

"እሱስ ምን ይሠራል?"

"ያርፋላ! ከዚህ በላይ ምን አለ?"

ወንበር ላይ የተቀመጠ ልብስ፣ አለ ኒታይ በሆዱ።

እሑድ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ሞላ። ሙቀቱ ግድግዳውን ያስለቅሳል፤ ጣሪያው ላይ የተሰቀሉት ማራገቢያዎች አየሩን ያማስሉታል እንጂ አያበርዱትም። ከፊት ወንበር ሐያስያኑ ብዕራቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው ፕሮፌሰሩ፣ ነጭ ልብስ፣ ወፍራም መነጽር። ኒታይ በርጩማው ላይ ወጣ። መብራቱ ሲበራበት የሚታየው ሕዝብ ጠፍቶ የሚያየው ሕዝብ ብቻ ቀረ። እንጨቶቹ በላቡ ሙልጭ ሙልጭ አሉ።

ሁለቱ ክፍሎች አለፉ። ሦስተኛው ጀመረ። ዘበኛው ወደ መሐል መጣ፤ ሰፊ ደረት፣ ያደፈ ካኪ፣ ወገቡ ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ።

"እኔ" አለ አባኒ። ድምፁ እስከ መጨረሻው ወንበር ደረሰ። "እኔ የዚያን ቀን ጠዋት..."

ቆመ።

ኒታይ ያን አቋቋም ያውቀዋል። ከዚያ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሆነው ሆነ፤ አባኒ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እየተንጎራደደ፣ ወደ ግራ ጥግ አመራ። ጥቁሩ ጨርቅ አጠገብ ደረሰ። ጆሮውን ጣል አደረገ። ጠበቀ። ከጨርቁ ጀርባ ሰው የለም። እጁን ሰዶ ጨርቁን ገለጥ አደረገና ወደ ውስጥ አየ፤ ያኖረውን ዕቃ እንዳጣ ሰው።

ከቀኝ በኩል ዴቦቶሽ በሁለት መዳፉ አየሩን ይመታል፤ ምታ! ምታ! አጠገቡ ኬያ ጣቷን ጽሑፉ ላይ ተክላ ቆማለች። ደንቡ ግልጽ ነው። ደንቡን የጻፈውም ሰው ይኸው ቁጭ ብሏል። ኒታይ እንጨቶቹን አነሣና አጋጨ።

ቋ!

አባኒ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣም እፍረትም አልነበረም። የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ፊት ነበር። ዓይኑ አዳራሹን ዞረና፣ ብርሃኑን ዞረና፣ መጨረሻ ላይ ኒታይ ላይ አረፈ፤ እንደ ማያውቀው ሰው አየው።

ኒታይ እንጨቶቹን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ተነሣ። ጉልበቱ እንደ ልማዱ ከዳው፤ በከዳው ጉልበት ሄደ። በርጩማውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ይሄን ሁሉ ዓይን ሰንጥቆ አለፈ፣ አባኒ አጠገብ አኖረው፣ ክርኑን ይዞ አስቀመጠው። ከጎኑ ቆመ። ጽሑፉን ገለጠና በዚያ ደረቅ የትራም መሥሪያ ቤት ድምፁ፣ ጮክ ብሎ አነበበ።

"የዚያን ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ሰጠኝ።"

አባኒ ቀና ብሎ አየው። የሆነ ነገር ፊቱ ላይ ተመለሰ።

"የዚያን ቀን ጠዋት" አለ፤ ድምፁ ከምድር በታች የወጣ ይመስላል፤ "ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ሰጠኝ።"

"ሦስተኛውን በር ቆልፍ አለኝ።"

"ሦስተኛውን በር ቆልፍ አለኝ።"

"ለምን አላልኩም።"

"ለምን..." አባኒ ራሱን ነቀነቀ። "ለምን አላልኩም!"

እንዲህ ተጓዙ። አንዱ እንደ ቢሮ ማኅተም ደረቅ፣ ሌላው ያንኑ ቃል ተቀብሎ ደም የሚያለብሰው። አዳራሹ ውስጥ የፈነዳ ሩዝ መቆርጠም ቆመ። ወደ ጎን የዞሩት ወንበሮች ሲጥ ሲጥ እያሉ ወደ ፊት ዞሩ፤ በውሳኔ የተጣመመ አንገት ያለ ውሳኔ ተቃና። ኒታይ የሚያየው መስመሩን ብቻ ነበር፤ እንዳይስት፣ እንዳይፈጥን፣ እንዳይንተባተብ። ፈጠነም።

"ቀስ በል እንጂ ኒታይ!" አለ አባኒ በሙሉ ድምፁ። "ትራም ላይ አይደለንም!"

ከየወንበሩ ሳቅ ፈነዳ። ዴቦቶሽ ፊቱን በቦርሳው ሸፈነ። ኒታይ አለቀልን አለ በልቡ፤ ስሙ፣ የገዛ ስሙ፣ መድረክ ላይ! ሳቁ ግን እንደፈነዳ ተቆረጠ፤ አባኒ ከበርጩማው ተነሥቶ ነበር። ኒታይ የመጨረሻውን አንቀጽ መነሻ አቀበለው።

"በሩ..."

አባኒ እጁን ዘርግቶ ጽሑፉን በመዳፉ ሸፈነው።

"በሩ ከውጭ ነው የተቆለፈው" አለ። "ውስጥ ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። ሲጠሩኝ ሰምቻለሁ፤ በስሜ ነው የጠሩኝ። ቁልፉ ይኸውና። እስካሁን ይሞቃል።"

ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ ወለሉ ላይ ጣለው። ከዚያ አዳራሹ ተነሣ።

ኡጃን ውስጥ የትርኢት ኃጢአት ልብስ ሳይወልቅ ይመረመራል፤ ይህም ደንብ ነው። ስለዚህ ሁሉም ጠባቧ የመልበሻ ክፍል ውስጥ ታጭቀው ቆሙ። ዴቦቶሽ አፉን ሳይከፍት ፕሮፌሰሩ በሩን ገፍተው ገቡ።

"አስደናቂ ነው!" አሉ። መነጽራቸው በሙቀቱ ጉም ለብሷል። "የቢሮው ድምፅ የምስክሩን አፍ ሲቀማ! ሠራተኛው የገዛ ምስክርነቱን ከጸሐፊ እጅ ሲቀበል! ከዚያም ስም ሲጠራ፣ ቅዠቱ ሲፈርስ፣ በመጨረሻ ጽሑፉን በመዳፉ ሲሸፍነው! ማን አሰበው ይሄን?"

ዴቦቶሽ ጺሙን ዳበሰ። "ብዙ የጥናት ሐሙሶች ወስዶብናል" አለ።

ፕሮፌሰሩ ወጡ። ዴቦቶሽ ፊቱ በርቶ ወደ ቡድኑ ዞረ። "ጓዶች፣ ይህ መልክ ጸንቶ ይቀጥል። እንግዲህ ዋናው መልኩ ነው፤ ሐሳቡ ከተዋናዩ በላይ ነው፣ ማንም ሊጫወተው ይችላል። አባኒዳ ዛሬ በጣም ስለደከመ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እኔ..."

ኬያ እጇን አወጣች።

ኒታይ እጇን አየ። ጣቷን ጽሑፉ ላይ ተክላ የቆመችው እሷ ናት። ጨርቁን ሲገልጥ አይታለች። ያን ፊት አይታለች። ምላሷ ማንንም አይምርም፤ ላቡን አይታ ፈርቷል ያለችው ራሷ ናት።

"ተከታትያለሁ" አለች። ጽሑፉን ጥቅልል አድርጋ በሁለት እጇ ይዛለች፤ አባኒን አላየችም፣ ያየችው ኒታይን ነው። "ከመነሻ እስከ መጨረሻ። አንድም ቃል አልተሳሳተም። ሚናው የአባኒዳ ነው። ማሻሻያ ግን አለኝ፤ አስታዋሹ አንድ እርምጃ ይቅረብ። ከዚያ ርቀት ድምፁ በደንብ አይደርስም።"

"ለማን?" አለ ዴቦቶሽ።

"ለሕዝቡ" አለች ኬያ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

ድምፅ ተሰጠ። እጆቹ ሁሉ ወጡ፤ የአባኒ ቀረ። ጠጋ ብሎ የኒታይን እጅጌ ሳብ አደረገ፤ ሹክ ሊል ፈልጎ ክፍሉን ሁሉ አሰማ።

"ምንድን ነው የምንመርጠው?"

"እኔ አጠገብህ እንድቆም።"

"እሱማ ድሮስ የት ነበርክ?" አለ አባኒ፣ እጁንም አወጣ።

"ሦስተኛው በር" እስከ ክረምቱ ዝናብ ድረስ ታየ። ፕሮፌሰሩ ጻፉበት፤ በእሳቸው ጽሑፍ ላይ ሌላው ጻፈ። ዛሬ የድራማ ተማሪዎች ይማሩታል። በሌሎች ከተሞችም ቃል ጠብ የማይልባቸው ወጣቶች በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደረሱ ሲያስመስሉ፣ ሌሎች ወጣቶች አጠገባቸው ቆመው ያነቡላቸዋል፤ ስለ ሥልጣንና ስለ ድምፅም ከትርኢቱ በኋላ ለረጅም ሰዓት ይወያያሉ። አንድ ጊዜ ኒታይን ለገለጻ ጋብዘውት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያደረገውን ነገር ሲያብራሩለት ሰማ። አንዳንዱ ትክክል ነበር። እንዲያውም ያ የተረገመ ክርክር ከጥጉ ባያወጣው ኖሮ ያን ቀን ተነሥቶ ለመሄድ መብት የሚሰጠው ማን ነበር? ይህን ሊናገር እጁን አወጣ፤ ሰዓቱ አልቋል ተባለ።

ዝናቡ ሲመጣ አባኒ ከቤት መውጣት ተወ። ኒታይ እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ ይሄዳል። በርጩማ ስቦ ከወንበሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ጽሑፉን ይገልጣል፣ በዚያ ደረቅ ድምፁ "የዚያን ቀን ጠዋት" ይላል፤ ወንበሩ ላይ ያለው ልብስም ትከሻ ያወጣል፣ አንገት ያወጣል፣ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። አንዳንድ ቀን ወደ ግራ ዘንበል ይላል።

"ጨርሱና ኑ" ትላለች ሹሮማ ቦውዲ ከማጀት። "ሩዙ ቀዘቀዘ።"

"ጨው አንሶታል!" ይላል አባኒ፣ ገና ሳይቀምስ። ያን ማንም አላቀበለውም።